«በት» ሁሉ «ግን» አይደለም

ስለ እንግሊዝኛው «በት» የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው ነበር። የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ «በት» ማለት «ግን» ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም፤ «ሀውኤቨር» የ«በት» የክት ልብስ ስለሆነ አንዱን አውጥቶ ሌላውን ማስገባት ይቻላል፤ ዓረፍተ ነገር በ«በት» መጀመር ስሕተት ነው፤ «ምንም እንኳ» ማለት የሆነው «ኦልዞ» ባለበት ላይ «በት» ቢታከል ንጽጽሩ ይጠነክራል፤ ከ«በት» ፊትም ኋላም ነጠላ ሰረዝ ይገባል፤ በመጨረሻም «በት» ከፊቱ የተባለውን ሁሉ ይሽራል። ጸሐፊው ያነሡት ጉዳይ ለተማሪ በእርግጥ አስቸጋሪ ነው፣ አጻጻፋቸውም ይገባል። ችግሩም እዚያው ላይ ነው፤ የሚገባ ስለሆነ አንባቢ እንዳለ ይዞት ይሄዳል። ከስድስቱ ግማሽ እውነት ያለው አንዱ ብቻ ነው። የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን በድምፃቸው እንዲነበቡ በፊደላችን ጽፈናቸዋል።

«በት ማለት ግን ማለት ነው»

ዋናው ጥፋት ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም ብለን እንቆያለን። አማርኛ ቢያንስ ለአራት ቃል ያከፋፈለውን ሥራ እንግሊዝኛ ለአንድ «በት» አሸክሞታል፦ «ግን»፣ «እንጂ»፣ «በስተቀር» እና «ብቻ»።

ከ«እንጂ» እንጀምር። «ሂ ኢዝ ኖት ኤ ዶክተር በት ኤ ቲቸር» የሚለውን በጸሐፊው ቀመር ብንመልሰው «ሐኪም አይደለም ግን መምህር ነው» ይሆናል። እንዲህ ቢባል ሐኪም ባይሆንም መምህርነቱ አያንሰውም እንደ ማለት ነው፣ ማጽናኛ ይመስላል። እንግሊዝኛው የሚያጽናናው ሰው የለም፤ የተሳሳተ ሰው እያረመ ነው። «መምህር ነው እንጂ ሐኪም አይደለም» ነው የሚለው። ቅደም ተከተሉም እንደተገለበጠ ልብ በሉ። እንግሊዝኛ የሚክደውን አስቀድሞ የሚያጸናውን ያስከትላል፤ አማርኛ የሚያጸናውን ከ«እንጂ» ፊት አድርጎ የሚክደውን መጨረሻ ላይ ይጥላል። ከአማርኛ የሚተረጉም ሰው ይህን ሳይገለብጥ «ሂ ኢዝ ኤ ቲቸር፣ በት ኖት ኤ ዶክተር» ቢል ሰዋስዉ አይፈርስም፣ እርማቱ ግን ጠፍቶ «መምህር ነው፣ ሐኪም ግን አይደለም» ወደሚል ይወርዳል። የአማርኛውን ቅደም ተከተል መጠበቅ የፈለገ «በት»ን ጥሎ «ሂ ኢዝ ኤ ቲቸር፣ ኖት ኤ ዶክተር» ቢል ይሻለዋል።

ሁለቱን መለየት የአማርኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። ጀርመንኛ «አበር» እና «ዞንደርን»፣ ስፓኒሽ «ፔሮ» እና «ሲኖ» ይላል፤ ግዕዝም ለእርማት «አላ»፣ ለሌላው «ባሕቱ» ነበረው። እንግሊዝኛ ሁለቱን ቀላቀለ። ስለዚህ እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪው እንግሊዛዊው የሌለው መፈተኛ በእጁ አለ። ከ«በት» በፊት «ኖት» ካለና ከ«በት» በኋላ የመጣው ነገር የተካደውን ቦታ የሚይዝ ከሆነ «እንጂ» ነው። «ኖት» ኖሮም ከኋላ የመጣው ሌላ ጉዳይ ከሆነ «ግን» ነው፦ «ሂ ኢዝ ኖት ሪች፣ በት ሂ ኢዝ ሃፒ»። ደስታ የሀብትን ወንበር አልወሰደም፣ ሁለቱ የየራሳቸው ነገር ናቸው። «ኖት ኦንሊ» ብሎ ጀምሮ «በት ኦልሶ» የሚለውም የ«እንጂ» ዘመድ ነው፤ «ብቻ ሳይሆን» ብለን እንፈታዋለን፣ «ግን» ዝር አይልበትም።

ወደ «በስተቀር» እንለፍ። «በት» የመጣው ከጥንታዊው እንግሊዝኛ «ቡታን» ነው፣ ፍቺውም መጀመሪያ «ከዚህ ነገር ውጭ» ነበር፤ የቦታ ቃል። ከ«ውጭ» ወደ «በስተቀር»፣ ከ«በስተቀር» ወደ «ግን» ተንሸራተተ። የመጀመሪያዋን እርምጃ አማርኛም ተራምዷታል፦ «ከእሱ ውጭ ማንም አልመጣም» ስንል ስለ ደጅ አናወራም። ለዚህ ነው «ኤቭሪዋን በት ሂም» ማለት «ከእሱ በስተቀር ሁሉም» የሚሆነው። በብሪታንያ እንግሊዝኛ የሚዘወተረው «ላስት በት ዋን»ም ከዚሁ ነው፤ አሥር ሰው ቢሰለፍ ዘጠነኛው ማለት ነው፣ «ላስት በት ቱ» ደግሞ ስምንተኛው።

ከዚህ ወገን ተርጓሚን በየጊዜው የሚጥሉ ሦስት ሐረጎች አሉ። «ዘ ብሪጅ ወዝ ኦል በት ዲስትሮይድ» ማለት ድልድዩ ሊወድም ምንም ያህል አልቀረውም ነበር ማለት ነው። «በት»ን «ግን» ብቻ አድርጎ የያዘ ሰው «ድልድዩ ብዙ ነገር ደረሰበት፣ ግን አልወደመም» ብሎ ዜናውን ይገለብጠዋል። «ሂ ኢዝ ኤኒቲንግ በት ሌዚ» ደግሞ «ሰነፍስ በፍጹም አይደለም» ነው። «ናቲንግ በት ወተር» ሲባል ውሃ ብቻ ነው፣ ሌላ ጠብታ የለበትም። በሦስቱም ውስጥ «በት» ያው «በስተቀር» ነው፤ ትርጉሙን ወዲያና ወዲህ የሚወስዱት ከፊቱ ያሉት ቃላት ናቸው። «ኦል በት» ላይ ከመጥፋት በፊት ያለው መንገድ ሁሉ ተሄዷል፣ የመጨረሻዋ ብቻ ቀርታለች። «ኤኒቲንግ በት» ላይ ደግሞ የፈለጋችሁትን በሉት፣ ሰነፍ ብቻ አትበሉት ነው። ይህን ያየ ሰው ሐረጎቹን አንድ በአንድ መሸምደድ አያስፈልገውም።

«አይ ካኖት በት አግሪ» የሚለውን «አልችልም ግን እስማማለሁ» ብሎ የተረጎመ ሰው ያው ወጥመድ ውስጥ ገብቷል። ከመስማማት በቀር ሌላ ማድረግ አልችልም፣ ማለትም መስማማት ግድ ይለኛል ነው። «በት ፎር» ደግሞ «ባይኖር ኖሮ» ነው፤ «በት ፎር ሂዝ ሄልፕ» ብሎ የጀመረ ሰው «የእሱ እርዳታ ባይኖር ኖሮ» ማለቱ ነው። የእንግሊዝን የሕግ ሥርዓት በተከተሉ አገሮች ፍርድ ቤቶች ጉዳት ማን እንዳደረሰ ሲመረምሩ የሚጠቀሙበት መፈተኛ ስሙ ራሱ ይኸው «በት ፎር» ነው፦ ተከሳሹ ያደረገው ነገር ባይኖር ኖሮ ጉዳቱ ይደርስ ነበር ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ ድርጊቱ ለጉዳቱ ምክንያት አልሆነም። እዚህ ውስጥ «ግን»ን ለማስገባት የሞከረ የሕግ ተርጓሚ ዓረፍተ ነገሩን መጨረስም አይችል።

«ብቻ» አጭር ነው። «ሂ ኢዝ በት ኤ ቻይልድ» ማለት «ገና ልጅ እኮ ነው» ነው። የቆየ ለዛ አለው፣ በዕለት ንግግር ብዙም አይሰማም። ከ«ብቻ» ወደ «ግን» ያለው መንገድም ለኛ እንግዳ አይደለም፤ የግዕዙ «ባሕቱ» ብቸኝነትን ከሚያሳየው «ባሕቲት» ጋር ዘመድ ነው፣ በአማርኛም «መጥቻለሁ፣ ብቻ ደክሞኛል» እንላለን።

«ሀውኤቨር የበት የክት ልብስ ነው»

በሐሳብ ይቀራረባሉ፣ በሰዋስው ግን ወገናቸው ለየቅል ነው። «በት» መስተፃምር ነው፤ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን ሰፍቶ አንድ ያደርጋል። «ሀውኤቨር» ተውሳከ ግሥ ነው፤ ቀድሞ የተባለውን ያስታውሳል እንጂ መርፌና ክር የለውም። «ኢት ሬይንድ፣ በት ዊ ዌንት አውት» ትክክል ነው፦ ዘነበ፣ እኛ ግን ወጣን። የጸሐፊውን ምክር ሰምቶ «ኢት ሬይንድ፣ ሀውኤቨር ዊ ዌንት አውት» ብሎ የጻፈ ሰው ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን በአንዲት ነጠላ ሰረዝ አጣብቋል፣ አራሚም ቀይ ያሰምርበታል። ማስተካከያው ወይ አራት ነጥብ አድርጎ «ሀውኤቨር»ን በትልቅ ፊደል መጀመር፣ ወይ ድርብ ሰረዝ አድርጎ መቀጠል ነው። በሁለቱም መንገድ ከ«ሀውኤቨር» ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝ አለ፦ «ኢት ሬይንድ፤ ሀውኤቨር፣ ዊ ዌንት አውት»።

ልዩነቱን በጆሮ መፈተን ይቻላል። «ሀውኤቨር»ን ከቦታው አንሥታችሁ ወደ መሐል ውሰዱት፦ «ዊ፣ ሀውኤቨር፣ ዌንት አውት»። ወደ መጨረሻም ውሰዱት፦ «ዊ ዌንት አውት፣ ሀውኤቨር»። ሁለቱም ይቆማሉ። «በት»ን ግን ንቅንቅ ማድረግ አይቻልም፤ «ዊ በት ዌንት አውት» ከንቱ ነው። ስፌት ከተሰፋበት አይነሣም።

ጸሐፊው ጨርሶ ያላዩት፣ ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ከሁሉ የሚጠቅመው ነገር ያለው እዚሁ ነው። የኛ «ግን» አቀማመጡ ከ«በት» ይልቅ የመሐሉን «ሀውኤቨር» ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመውን የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 6 ቁጥር 8 ስንከፍት ዓረፍተ ነገሩ «በት ኖአ» ብሎ ይጀምራል። አማርኛው «ኖኅ ግን» ይላል። የእንግሊዝኛው ተርጓሚ ማገናኛውን በር ላይ አቆመው፤ አማርኛው መጀመሪያ ሰውየውን ጠርቶ «ግን»ን ከጎኑ ለጠፈበት፤ ሌላው ሁሉ እንዲያ ሲሆን፣ እሱ ግን። በዘመኑ እንግሊዝኛ ይህንኑ ስሜት ሊያመጣ የፈለገ «ኖአ፣ ሀውኤቨር፣» ብሎ ይጀምራል፣ ግራና ቀኝ በነጠላ ሰረዝ አጥሮ። ከ«ሀውኤቨር» ፊት የሚቀመጠው ቃል ነው ለንጽጽር የሚቀርበው። «የስተርደይ፣ ሀውኤቨር፣ ሂ ኬም» ብትሉ «ትናንት ግን መጣ» ነው፣ ጊዜው ነው የተነጻጸረው። «ሂ፣ ሀውኤቨር፣ ኬም የስተርደይ» ብትሉ «እሱ ግን ትናንት መጣ» ነው፣ ሰውየው ነው። በአማርኛ «ግን»ን የት እንደሚያስቀምጥ የሚያውቅ ሰው የመሐሉን «ሀውኤቨር» የት እንደሚያስቀምጥ ግማሽ መንገድ ያውቃል።

በንግግራችን «ግን»ን መጨረሻ ላይ መጣልም አለ፦ «ቆንጆ ነው ግን»፣ «አልደወለም ግን»። ለዚህ እንግሊዝኛ ያለው አቻ «ዞ» ነው፦ «ኢትስ ናይስ፣ ዞ»። «በት»ን እዚያ ቢያስቀምጡት ሰሚው ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ይጠብቃል። «ሀውኤቨር»ንም እዚያ ማድረግ ይቻላል፤ ለጓደኛ ሲባል ግን የክስ መዝገብ ማንበብ ይመስላል።

«ሀውኤቨር» ደግሞ «በት» የማይደርስበት ሌላ ሥራ አለው። «ሀውኤቨር ሃርድ ሂ ትራይስ፣ ሂ ፌይልስ» ማለት «የቱንም ያህል ቢጥር አይሳካለትም» ነው። እዚህ ቃሉ ወደ አካሉ ተመልሷል፤ «ሀው» ምን ያህል፣ «ኤቨር» ደግሞ ገደብ የሌለው። ከኋላው ቅጽል ወይም ተውሳከ ግሥ በቀጥታ ይከተለዋል፣ በመሐላቸው ነጠላ ሰረዝ አይገባም። ከ«ሀውኤቨር» በኋላ ሁሌም ነጠላ ሰረዝ ነው ብሎ የያዘ ተማሪ «ሀውኤቨር፣ ሃርድ ሂ ትራይስ» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ይሰብረዋል። «ሀውኤቨር ዩ ዱ ኢት» ሲሆን ደግሞ «በፈለግከው መንገድ ብታደርገው» ነው።

«ዓረፍተ ነገር በበት አይጀመርም»

ይህን ክልከላ የሚደግፍ የሰዋስው ሕግ የለም። ከላይ የጠቀስነው የኖኅ ቁጥር ራሱ በ«በት» ነው የሚጀምረው፤ ከእሱ ቀደም ብሎ ምዕራፍ 2 ቁጥር 6ም እንዲሁ። ልጆች እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በ«ኤንድ» እና በ«በት» እየጀመሩ ሲያስቸግሩ መምህር ለጊዜው የሚሰጠው ልጓም ነው፣ አዋቂ ላይ ሲቀር ሕግ መሰለ። የሚገርመው ጸሐፊው የሰጡት መድኃኒት ነው፤ በ«በት» ፋንታ በ«ሀውኤቨር» ጀምሩ ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1918 ዊልያም ስትራንክ ባወጣው ትንሽ የአጻጻፍ መመሪያ ውስጥ የተከለከለው ግን «ሀውኤቨር»ን በዚህ ትርጉሙ መጀመሪያ ላይ ማምጣት ነበር። ያም ክልከላ ዛሬ አብዛኛው ጸሐፊ የማይከተለው የአንድ ሰው ምርጫ ነው። በ«በት» ስትጀምሩ መጠንቀቅ ያለባችሁ አንድ ነገር ነው፤ ቀጥሎ ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ይሁን። «በት ኖት ቱዴይ» ብቻውን በንግግር ያምራል፣ በማመልከቻ ላይ ስብርባሪ ነው።

«ኦልዞ ባለበት በት ሲታከል ይጠነክራል»

አይጠነክርም፣ ይፈርሳል። «ኦልዞ ሂ ኢዝ ሪች፣ በት ሂ ኢዝ አንሃፒ» ስሕተት ነው። ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ማየት ግን ይጠቅማል፤ ምንጩ ጥሩ አማርኛ ነው። «ምንም እንኳ ሀብታም ቢሆንም ደስታ ግን የለውም» ስንል «እንኳ» አለ፣ «ቢሆንም» አለ፣ «ግን» አለ፣ ሦስቱም ተስማምተው ይኖራሉ። የሚስማሙትም ሁለቱን ሐረጎች የሚያያይዘው «ቢሆንም» ብቻ ስለሆነ ነው፤ «ግን» እዚህ አያያዥ ሳይሆን በ«ደስታ» ላይ የተለጠፈ ማጉያ ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ኦልዞ»ም «በት»ም አያያዦች ናቸው፣ ለአንድ ቀዳዳ ሁለት ቁልፍ አይገባም። ወይ «ኦልዞ»ን አስቀርታችሁ «በት»ን፣ ወይ «በት»ን አስቀርታችሁ «ኦልዞ»ን ያዙ። ያቺ የአማርኛዋ ማጉያ እንዳትቀር ከፈለጋችሁ ቦታዋን የሚሞላው «ስቲል» ነው፦ «ኦልዞ ሂ ኢዝ ሪች፣ ሂ ኢዝ ስቲል አንሃፒ»። «ስቲል» ተውሳከ ግሥ ስለሆነ ከ«ኦልዞ» ጋር አይጋጭም።

እግረ መንገድ፦ «ዲስፓይት» ዓረፍተ ነገር አይከተለውም። «ዲስፓይት ሂ ኢዝ ሪች» አይባልም፤ «ዲስፓይት ሂዝ ዌልዝ» ወይም «ዲስፓይት ቢኢንግ ሪች» ነው። «ኦፍ»ም አይጨመርበትም፤ «ኦፍ» ያለው «ኢን ስፓይት ኦፍ» ነው። «ቢሆንም» ለሁሉም ስለሚያገለግል ነው እጃችን የሚሳሳተው።

«ከበት ፊትም ኋላም ነጠላ ሰረዝ»

ግማሽ እውነት ያልነው ይህን ነው። «በት» ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን ሲያገናኝ ከፊቱ ነጠላ ሰረዝ ይደረጋል። ሁለት ቅጽሎችን ብቻ ሲያገናኝ አያስፈልግም፦ «ስሞል በት ስትሮንግ»። በ«በስተቀር» ትርጉሙም አይደረግም። ከኋላው ነጠላ ሰረዝ የሚመጣው ወዲያው የተሰካ ሐረግ ሲኖር ብቻ ነው፦ «በት፣ አስ ዊ ኖው፣ ሂ ሌፍት»። «በት፣ ሂ ሌፍት» ብሎ መጻፍ የ«ሀውኤቨር»ን ሥርዓት ለ«በት» ማልበስ ነው፤ ሁለቱ አንድ ናቸው ከተባለ ደግሞ ይህ መምጣቱ አይቀርም።

«በት ከፊቱ ያለውን ሁሉ ይሽራል»

«ይቅርታ፣ በት» ብሎ የሚቀጥል ሰው ይቅርታውን ከልቡ አላለም የሚለው ወቀሳ ስለ ሰው ጠባይ እውነት ሊኖረው ይችላል። ስለ ቃሉ ግን ሐሰት ነው። «ሺ ኢዝ ፑር በት ኦነስት» ያለ ሰው ድሃ መሆኗንም ሐቀኛ መሆኗንም አረጋግጧል፤ አንዱ ሐሰት ቢሆን ዓረፍተ ነገሩ በሙሉ ይወድቃል። ጀርመናዊው የአመክንዮ ሊቅ ጎትሎብ ፍሬገ እ.ኤ.አ. በ1879 እንዳመለከተው «እና» እና «ግን» በእውነትነት ሚዛን አይለያዩም፤ «ግን» የሚጨምረው የሚከተለው ነገር ከሚጠበቀው የተለየ መሆኑን የሚጠቁም ፍንጭ ነው። የሚሻረው ነገር ካለ ግምት ነው። እዚህ ላይ ግምቱ «ድሃ ሐቀኛ አይሆንም» የሚል ነው፣ ይህን ግምት ደግሞ ሰሚው ሳይሆን ተናጋሪው ነው ያመጣው። ስለዚህ በዚህ ዓረፍተ ነገር ቅር የሚሰኝ ሰው «በት»ን በ«ኤንድ» ተክቶ ይየው፤ ሁለቱ መረጃዎች እንዳሉ ይቀራሉ፣ ስድቡ ይጠፋል።

ቅደም ተከተሉ ግን ክብደት አለው። «ጉድ በት ኤክስፔንሲቭ» እና «ኤክስፔንሲቭ በት ጉድ» ሁለቱም ያንኑ ሁለት ነገር ይናገራሉ፤ ዕቃው ጥሩ ነው፣ ዋጋውም ውድ ነው። የሚመዝነው ግን ከ«በት» በኋላ የመጣው ነው፣ ንግግሩም የሚያመራው ወደዚያ ነው። የመጀመሪያውን ያለ ሰው ዕቃውን ወደ መደርደሪያው እየመለሰ ነው፤ ሁለተኛውን ያለ እጁን ወደ ኪሱ ሰድዷል። የሠራተኛን ሥራ የሚገመግም ጸሐፊም «ፈጣን ነው ግን ይሳሳታል» እና «ይሳሳታል ግን ፈጣን ነው» ከሚሉት የትኛውን እንደሚጽፍ ቆም ብሎ ቢያይ፣ አንባቢው የትኛውን ይዞ እንደሚሄድ ያውቃል።